መንገድ የተቆረጠበት አረፋ

አረፋ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው በቡሬ ቁልቁለት ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ቆረጠው። ከመቱ በግ ጭኖ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ የነበረው አይሱዙ ከናዳው ወዲያ ቀረ። ሾፌሩ ሁለት ቀን ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ በጎቹን እዚያው ደጋ ላይ ቸርችሮ ተመለሰ።

ወሬው እንደተሰማ የጋምቤላ ሙስሊም ነጋዴዎች በሀጂ ሙስጠፋ የእህል መጋዘን ተሰበሰቡ። የአረፋን በግ በየዓመቱ ተባብረው የሚያስመጡት ሃያ ስምንት ቤተሰቦች ነበሩ። ከተሰበሰቡት መካከል ሴት ሀያቱ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የፍራሽና የአጎበር ሱቁን ለብቻዋ ይዛ አስፋፍታዋለች። ማንም ፊት ቢሆን ሐሳቧን ውጣ አታውቅም።

«እንግዲህ ሌላ መላ የለም» አሉ ሀጂ ሙስጠፋ። በዕድሜም በሀብትም የሁሉም ታላቅ ናቸው። «ገንዘቡን አዲስ አበባ እንልካለን። እዚያ በስማችን አርደው ያከፋፍሉልናል።»

«የአዲስ አበባ ድሃ ቢበላ ደስ ይለኛል ሀጂ» አለች ሀያቱ። «ግን የኛ ደጅ ላይ የሚቆሙትስ? የሥጋውን ፎቶ በስልክ እናሳያቸው?»

ሰዉ ሳቀ። ሀጂም ሳቁ። «በግ ከየት ይምጣ ታዲያ?»

«በግ የለም፣ በሬ ግን አለ። አንድ በሬ ለሰባት እንደሚበቃ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሃያ ስምንት ነን፣ አራት ሰንጋ ይበቃናል። አቦቦ እኔ የተወለድኩበት መንደር ሄዳችሁ እዩ። የሰባ ሰንጋ ታስሮ ገዥ ይጠብቃል።»

እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህን ያሰበ አልነበረም። ሁሉም በየግቢው የየራሱን በግ ያርዳል። ሥጋው በሰሀን ከነጋዴ ቤት ወደ ነጋዴ ቤት ሲመላለስ ይውላል፣ ደጅ የቆመው አንጀትና አጥንት ይደርሰዋል። ሀያቱ ራሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። አሁን ግን መንገዱ ሲቆረጥ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ሀጂም ጥቂት አሰቡና «ይሁን፣ ሰንጋ ይፈለግ» አሉ። ጉባኤው በዚያው ተበተነ።

ሀያቱ በሦስተኛው ቀን ሱቋን ዘግታ በሚኒባስ አቦቦ ደረሰች። መንደሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የመሠረቱት ነው። የእሷ አባትና የጎረቤቷ የከፈለ አባት አንድ መኪና ላይ ተጭነው መጥተው፣ አጥር ለአጥር ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን ስለነበሩ የበዓል ሥጋ አይቋደሱም። በዚያ ፈንታ በአረፋ የእሷ አባት ጠቦት በቁሙ እየጎተቱ ወደ ጎረቤት ይወስዳሉ፣ በፋሲካ ደግሞ ዶሮ በቁሟ ታቅፈው የከፈለ አባት ይመጣሉ። ሁለቱም አባቶች አሁን በሕይወት የሉም። ከፈለ ግን እዚያው ቦታ በቆሎ ያርሳል፣ ሰንጋም ያደልባል።

ከበረቱ ሲወጣ አቅፎ ሳማት። የመጣችበትን ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ዘገየሽ እህቴ። ትናንት ደላላ መጥቶ ለአራቱም ሰንጋ ቀብድ ሰጠን። ሁለቱ የኔ ናቸው፣ ሁለቱ የጎረቤቶቼ።»

«በስንት ሸጣችኋቸው?»

ነገራት። የተሳሳተ መስሏት ደግማ ጠየቀችው።

«የዋጋው ግማሽ እኮ ነው ከፈለ! አእምሮህን ሳትክ?»

«መንገዱ ተዘግቷል፣ ከደጋ አንድም ገዥ አይመጣላችሁም አለን። አልዋሸም። ዝናቡ ጀምሯል፣ የበቆሎ ዘር አልገዛሁም፣ ለትራክተር ተራ ይዣለሁ። ካልከፈልኩ ተራው ያልፈኛል። ተራው ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።» ወደ ሰንጋዎቹ ዞሮ የአንዱን ሻኛ ዳሰሰ። «ይኼን በመርፌ ነው ያሳደግኩት። የገንዲ በሽታ ሦስት ከብት ሲጨርስብኝ እሱ ብቻ ተረፈ። ምን ላድርግ?»

«ደላላው ለማን ነው የሚገዛው?»

ከፈለ ትንሽ አመነታ። «የጋምቤላ ሀጂ ናቸው የላኩኝ አለ። ለአረፋ።»

የሀያቱ ፊት ጋለ። እሷ ሰንጋ እንዳለ ተናግራ፣ መንደሩን በስም ጠቅሳ ነበር። በመጣችበት ሚኒባስ ተመልሳ ተሳፈረች። እስከ ጋምቤላ ድረስ ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ያወራቻትን አንዱንም አልሰማችም።

ሀጂ ሙስጠፋን መጋዘናቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላምታ ሰጥታ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ሀጂ፣ ደላላ ልከዋል።»

«አዎ፣ ልኬያለሁ» አሉ ሳይደብቁ። «አንቺ ዘመዶችሽ ናቸውና ውድ ትገዣለሽ ብዬ ፈራሁ። ስሚኝ ልጄ። በዚህ ዋጋ ከገዛን በተረፈው ሌላ አራት ሰንጋ እንጨምራለን። ድሃው እጥፍ ሥጋ ያገኛል። ይህ ምኑ ነው ክፉ?»

ሀያቱ የምትለውን መንገድ ላይ ተዘጋጅታበት ነበር። ሆኖም ሀጂ ያሉት ነገር ለአፍታ ልክ መስሎ ታያት። ከዚያ የከፈለ እጅ በሻኛው ላይ ትዝ አላት።

«ከፈለ ባለጸጋ አይደለም ሀጂ። እሱም ድሃ ነው። እጥፍ ሥጋ የምንሰጠው ከማን ቀምተን ነው? የእሱን ዘር፣ የእሱን ትራክተር አርደን ለሌላ ድሃ ካከፋፈልን፣ ከኛ ኪስ ምን ወጣ? እኛ ምን ሰዋን?»

«ተስማምቶ ነው የሸጠው።»

«መንገድ ስለተቆረጠበት ነው የተስማማው። ሰንጋው እንደሆነ አልከሳ፣ ዋጋው ለምን ይከሳል? መንገዱ ክፍት ቢሆን ይከፍሉት የነበረውን ይክፈሉት። ለአላህ ብለን የምናቀርበው ነው።»

ሀጂ ሙስጠፋ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አልቆጠሩበትም። ወጣት ሳሉ የባሮን ወንዝ ተሻግረው ጫማ በጆንያ ተሸክመው የሸጡ ሰው ናቸው። የቸገረው ሰው ዕቃውን በምን ዋጋ እንደሚጥል ያውቃሉ። ስልካቸውን አንስተው ለደላላው ደወሉ።

«አንተ ሰው፣ ለአቦቦዎቹ ሙሉ ዋጋ ክፈል። አዎ፣ መንገዱ ክፍት እያለ የሚሸጡበትን። ምን? የድለላህን እኔ እሰጥሃለሁ፣ ከእነሱ እንዳትቆርጥ!» ስልኩን ዘግተው ወደ ሀያቱ ዞሩ። «በይ፣ የድርሻው ዋጋ መጨመሩን ለሌሎቹ አንቺው ንገሪ። ስድቡን አንቺ ጠጪ።»

«እጠጣለሁ» አለች እየሳቀች።

ብዙ ስድብ አልመጣም። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ «ትክክል ነው» ብሎ ወዲያው ከፈለ። አንድ ነጋዴ ግን «እኔ በዚህ ዋጋ አልገባም» ብሎ ወጣ። ከሃያ ስምንቱ አንድ ድርሻ ባዶ ቀረ። ሀያቱ ድርሻውን ከራሷ ከፍላ ለማን እንደምትሰጠው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም።

ገበያው መግቢያ ላይ ሳሚያ የምትባል ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ለውዝ ቆልታ ትሸጣለች። አረፋ በመጣ ቁጥር በሀያቱ ደጅ ፌስታል ይዘው ከሚቆሙት አንዷ ነች፤ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ።

«ዘንድሮ አንቺም አራጅ ነሽ» አለቻት ሀያቱ። «ድርሻው ያንቺ ነው። ሰጥቼሻለሁ፣ ተቀበይኝ። ለአላህ ብለሽ ማሳረድ ከዚያ በኋላ ያንቺ ፈንታ ነው።»

ሳሚያ የለውዙን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። «በኔ ስም? እትዬ፣ በኔ ስም ይታረዳል?»

«በስምሽ።»

«ማከፋፈሉስ?»

«ለማን እንደምትሰጪ አንቺ ታውቂያለሽ። ማንም አይጠይቅሽም።»

የአረፋ ዕለት ጠዋት ሶላቱ ተሰግዶ ሲያበቃ አራቱ ሰንጋዎች ከሜዳው ዳር በቢስሚላህ ታረዱ። ከፈለ ራሱ ነድቶ ያመጣቸው ናቸው። ሲታረዱ ግን ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ። በየግቢው ስላልታረደ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋው ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በሰው ፊት ተበለተ። እንደ ቅርጫ በመደብ ተደለደለ፤ ጭቅናውም ሻኛውም አጥንቱም ለሁሉም መደብ እኩል ደረሰ። ከየድርሻው ሲሶው ለድሃ ሲወጣ አንጀት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም።

ሳሚያ ድርሻዋን ቅጠል ላይ ዘርግታ ቁጭ ብላ ከፋፈለች። ገበያ ላይ ከአጠገቧ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ኛሩዋይ ስትመጣ ትልቁን ቁራጭ አንስታ ሰጠቻት።

ኛሩዋይ ሥጋውን በሁለት እጇ መዘነችውና በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀች። «ሳሚያ! ዛሬ አንቺ ሀብታም ሆነ?»

«ሆነ!» አለች ሳሚያ፣ ድምፅዋ ሜዳውን እስኪሻገር ድረስ እየሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሳሚያ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ሰሀን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ሀጂ ሙስጠፋ ግቢ ገባች። ሀያቱም ኢድ ሙባረክ ልትል መጥታ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ዘበኛው በልማዱ ሳሚያን በር ላይ ሊያቆማት ሲል ሀጂ አዩአትና አስገቧት።

«ይህ ከኔ ኡድሂያ፣ ከአረፋ እርዴ ነው ሀጂ» አለች። «ለጎረቤትና ለወዳጅ ከሚሰጠው።»

ሀጂ ሙስጠፋ ከምንጣፋቸው ተነሡ። በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሲሰጡ ኖረዋል፤ ከእንዲህ ያለ እጅ ተቀብለው ግን አያውቁም። ሰሀኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አላህ ይቀበልሽ ልጄ» አሉና እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ከሀያቱ ጎን አስቀመጧት። ሳሚያ አንገቷን አልደፋችም። ሀያቱ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ተሰምቷት ብርጭቆዋን አነሣች።

ከፈለ የመጨረሻውን ክፍያ ሊቀበል ሲመጣ ሀጂ ለስላሳ አስቀርበውለት ስለሚቀጥለው ዓመት ተነጋገሩ። ሰንጋዎቹ በጥቅምት በሙሉ ዋጋ እንዲታዘዙና ግማሹ ቀድሞ እንዲሰጠው ተስማሙ፤ መድኃኒትና መኖ መግዣ ይሆነዋል። ትራክተሩ ተራውን ጠብቆ ገባለት፣ በቆሎውም በጊዜው ተዘራ።

በዓመቱ ቤተሰቦቹ ሠላሳ አምስት ደርሰው አምስት ሰንጋ ታረደ። ዋጋው ተወደደ ብሎ የወጣው ነጋዴም ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከፈለ። አረፋ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳሚያ በመሀረብ የተቋጠረ ብር ይዛ ሀያቱ ሱቅ መጣች።

«የድርሻዬ ግማሽ ነው» አለች። «የለውዙ ትርፍ። ግማሹ ጎደለኝ እትዬ።»

«ግማሹን እኔ እሞላዋለሁ» አለች ሀያቱ።

«ለዘንድሮ ብቻ» አለች ሳሚያ፣ ቋጠሮውንም ፈትታ ብሩን በሀያቱ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።