መርዶው ለነገ ይቆይ

ስልኩ ሲጮኽ ሳብሪያ ሰዓት እየያዘችበት ነበር። ጓደኛዋ ማናለሽ ከሰዓት በኋላ የምታቀርበውን ንግግር ለመለማመድ ሳሎኑ መሀል ቆማ ለሳብሪያ እናት ለወይዘሮ ዘሚራ ስለ ቢቸና ጥቁር አፈር ታስረዳለች፤ ዘሚራም ነገሩ ባይገባቸውም እንደ ትልቅ ሹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ሳብሪያ የደዋዩን ስም ስታይ «ቀጥዪ፣ መጣሁ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

የደወሉት የማናለሽ አጎት አቶ አስናቀው ነበሩ። አንድ ጊዜ የማናለሽ ስልክ ተበላሽቶ በሳብሪያ ስልክ ስለደወለችላቸው ቁጥሩን ይዘውት ቀርተዋል።

«ሳብሪያ ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ ጋሼ። ምነው፣ በደኅና?»

«ደኅናም አይደል።» ድምፃቸው ሲያለቅስ እንዳደረ ሰው ሻክሯል። «ወንድሜ ሰማው ሌሊት አረፈ።»

ሳብሪያ አጥሩን ተደገፈች። ሰማው ማለት የማናለሽ አባት ናቸው። ከሳሎኑ የማናለሽ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ውኃ ስለሚያቁር ማሳ እያወራች ነው።

«ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አሉ አስናቀው። «እንዳትነግሪያት። ዛሬ ያ ትልቁ ጉዳይዋ አይደል? እሱን ትጨርስ። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን ሞጣ እንመጣና እናረዳታለን። እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳያሰማብን ጠብቂልን።»

«ጋሼ፣ ቢቸና እኮ ቅርብ ነው። አሁን ብትነሳ ትደርሳለች።»

«እሱ ጠፍቶኝ ነው? ሰማው እሷን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ሰው ነው። ደርሳ ብታለቅስ አይነሳላት። ሥራውን ካጣች ግን ሁለት ሞት ነው። እሱም ቢሆን ይኼንኑ ነበር የሚል። አደራ ልጄ፣ የምድር የሰማይ አደራ።»

ስልኩ ተዘጋ። በማናለሽ ወገን መርዶ በዋዛ አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ። ልጅ ፈተና ላይ ከሆነ፣ ሴት አራስ ከሆነች፣ መርዶው ይቆያል፤ ሳምንትም ወርም ሊቆይ ይችላል። በሳብሪያ ቤት ደግሞ ሰው ከሞተ በሰዓታት ውስጥ አፈር ይለብሳል፤ የደረሰ ይደርሳል፣ ያልደረሰ ቤቱ ሆኖ ዱዓ ያደርጋል። ሁለቱ ወገኖች ይኼንን እያወቁ በአንድ ከተማ ኖረዋል፤ ማንም የማንንም አይነቅፍም። ብቻ እስከዛሬ ሳብሪያን የሌላ ሰው መርዶ ተሸከሚ ያላት አልነበረም።

ስትዞር እናቷ የጓሮው በር ላይ ቆመዋል።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«የማናለሽ አባት ሞተዋል። እንዳትነግሪያት አሉኝ።»

ዘሚራ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ኢንና ሊላሂ! እንዲህ የምታስቀኝ ልጅ!»

«እማ፣ ቀብሩ ዛሬ ነው። ብነግራት ትደርሳለች።»

«ልማዳቸው ነው ልጄ፣ እነሱ ያውቁበታል። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ጓደኛዋ ነኛ!»

«ጓደኛዋማ ነሽ። ግን ለዚያ ሥራ የምትወዳደሩት ሁለታችሁ ናችሁ። ነገ ሰው ምን ይላል? ‹ሥራውን ብትፈልግ በመርዶ አባረረቻት› ነው የሚል። ከሰው ጋር ተከባብረን የኖርንበት አገር ነው፤ ስም አታውጪብን።»

«ዝም ብላትስ ምን ይሉኛል?»

«ዝም ያለ ማን ተከስሶ ያውቃል?» አሉ ዘሚራ። ይኼን ብለው ግን ዓይኗን ሳያዩ ወደ ቤት ገቡ።

እውነታቸውን ነው፤ ችግሩ ሥራው ነው። ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት፣ በ2009፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን የምርምርና የሥራ ቀን ከግቢ አውጥቶ ሞጣ ላይ ሊያደርገው ወስኗል። «ጥናቱ ወደ ተጠናበት ሕዝብ ይውረድ» ተባለ። የወረደው በአብዛኛው ባነርና የታሸገ ውኃ ቢሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ቁም ነገር ነበር። ተፋሰስ የሚያለማ አንድ ድርጅት ከቢቸና እስከ ሞጣ ላለው ሥራው አንድ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሰዎቹ መጥተው፣ የታጩትን አዳምጠው፣ እዚያው ሊመርጡ ተስማምተዋል። የታጩት ሁለት ናቸው፤ ማናለሽ ሰማውና ሳብሪያ ሐምዱ። በአንድ መኝታ ክፍል የኖሩ፣ ከቤት የተላከ በሶና ብስኩት የተካፈሉ ልጆች ለአንዲት ወንበር ተፋጠጡ። «ያሸነፈች ያላሸነፈችውን ትቀልባለች» ተባብለው ስቀዋል። ሳቁ ግን ከሁለቱም ጉሮሮ አላለፈም።

ሳብሪያ ሥራውን ትፈልገዋለች። ካላገኘችው የአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ይጠብቃታል፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሜትር ስትዘረጋ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲለብስ ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር ታየዋለች። ማናለሽ ደግሞ ሱቅ እንኳ የላትም።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በባጃጅ ሲሄዱ ማናለሽ ስልኳን አወጣች።

«ሳልገባ አባዬን ልስማው። እሱ ካልመረቀኝ ምላሴ አይፈታም።»

ሳብሪያ ልትከለክላት እጇን ዘርግታ መለሰችው። በምን ብላ ትከልክላት? ወዲያ ማዶ ስልኩ ተነሳ። ማናለሽ አዳመጠች፤ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ብላ ዘጋች።

«ጋሼ አስናቀው ናቸው ያነሱት። አባዬ ጸበል ወርዷል አሉኝ።» ፊቷ በራ። «ጸበል ከወረደማ ተሽሎታል! ባለፈው ሳምንት እኮ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። ሳብሪ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አለች ሳብሪያ። «እሰይ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እያወቀች «እሰይ» ያለችበት አፏ መረራት፤ እስኪወርዱ ድረስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

ጠዋቱን ንግግር በላው። ከዩኒቨርሲቲው አንድ፣ ከከተማው አንድ፣ ከዞኑ አንድ ሰው ተናገረ፤ ሦስቱም «ጊዜያችሁን አልሻማም» ብለው ጀምረው ጊዜውን ተሻሙት። ሳብሪያ መቀመጥ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ ወጥታ የዝግጅቱን አስተባባሪ ዶክተር አካለ ወልድን ከአዳራሹ በር ላይ አገኘችው። ወጣት መምህር ነው፤ በእጁ መርሐ ግብሩን ይዞ በስልክ ይጨቃጨቃል። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ዶክተር፣ ማናለሽን ወደ ጠዋት ማምጣት ይቻላል? አቅርባ እንድትሄድ። ቤተሰብ ጋ ጉዳይ አለባት።»

«የድርጅቱ ሰዎች እኮ ገና ደጀንን እየለቀቁ ነው። የተገለበጠ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶባቸው ነው ያረፈዱት። እነሱ በሌሉበት ብታቀርብ ማን ይሰማታል? እኔ እንደሆን ሰምቻታለሁ።»

«ነገስ ለብቻ ቢያናግሯት?»

«ማታውኑ ይመለሳሉ። በጀታቸው ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ ዛሬ ሳይመርጡ አይሄዱም።» ቀና ብሎ አያት። «ጉዳዩ የእሷ ከሆነ ለምን ራሷ አትጠይቀኝም?»

ሳብሪያ «ይቅር በቃ» ብላ ተመለሰች። ቀብሩንም ሥራውንም ማትረፍ የሚቻል መስሏት ነበር፤ ያም በር ተዘጋ።

በሻይ ዕረፍት ማናለሽ ጥግ ይዛ ላፕቶፗን ከፍታለች። ስላይዶቿን አንድ በአንድ አሳልፋ አንዱ ላይ ቆመች። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ አንድ አዛውንት ውኃው ከተንጣፈፈለት የስንዴ ማሳ ዳር ቆመው፣ ፎቶ መነሳቱ እንዳሳፈራቸው ያስታውቃል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ምን ልበል?» አለች። «‹ተሳታፊ አርሶ አደር› ልበል ወይስ ‹አባቴ ነው› ልበል?»

«ጥናቱ ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ተሳታፊ አርሶ አደር።» ሳቀች። «ተይው፣ አባቴ ነው እላለሁ። ‹ማሳውን ማየት የምትፈልጉ ቢቸና ብቅ በሉ፣ ራሱ ያስጎበኛችኋል› እላቸዋለሁ። ሰው ሲመጣበት አታውቂም እንዴት እንደሚወድ። ያንን ኮቱን ለብሶ ነው የሚጠብቃቸው!»

ሳብሪያ ሻዩን ሳትጠጣው አስቀመጠች። ከምሳ በኋላ ይኼ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ይታያል። ያን ጊዜ ሰውየው በሰው ትከሻ ላይ ናቸው። ማናለሽ ‹ራሱ ያስጎበኛችኋል› ትላለች፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ይጨበጨባል። ነገ መርዶው ሲነገራት ይኼን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዳ ታስበዋለች። አባቴ ሲቀበር እኔ ምን ላይ ነበርኩ ትላለች። ሥራውን አግኝታ ይሆናል። የአባቷን ሣጥን ሳትነካ፣ አንዲት እፍኝ አፈር ሳታለብስ።

መንገሩ የአቶ አስናቀውን አደራ መብላት እንደሆነ ታውቃለች። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ድምፅም አብሯት አለ። ንገሪያት ይላታል፤ ትሂድ፣ ደግ ሠራሽ ትባያለሽ፣ ሥራውም ያንቺ ይሆናል። መንገሩ ጽድቅ፣ ትርፉ የራሷ። እንዲህ ያለው ጽድቅ አስፈራት። ግን ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሱ ቢቸና አይደረስም።

ወጥታ የአጎቷ ልጅ ሙሐመድያሲን ጋ ደወለች። ሚኒባስ ይነዳል፤ ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ነው። «ሳትጠይቀኝ ና፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አቁም» አለችው። ከዚያ እንደገና ወደ አካለ ወልድ ሄደች።

«ዶክተር፣ ማናለሽ አታቀርብም። አባቷ ሞተዋል። ገና አልሰማችም። ቀብሩ ዛሬ ስለሆነ ነግሬ ይዣት ልሄድ ነው።»

አካለ ወልድ መነጽሩን አወለቀ። «ውይ! ነፍስ ይማር። ምስኪን ልጅ።» መርሐ ግብሩን አየ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ለድርጅቱ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ካየ ደግሞ አንድ ሰው ነው የሚመርጥ። ሂጂ፣ ተዘጋጂ፤ እሷን የሚያደርስ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ደስ አላት። ሳትፈልግ፣ ሳታስበው፣ ልቧ ዘለለ፤ የሱቁ ባንኮኒ ከፊቷ ብን ብሎ ጠፋ። ወዲያው ራሷን ተጸየፈች። የጓደኛዋ አባት ሬሳ ገና ከቤት አልወጣ፣ እሷ እዚህ ቆማ ደስ ይላታል።

«የእኔንም ስም ይሰርዙልኝ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? ያንቺ አባት አይደሉ። ለቅሶ ነገም ይደረሳል።»

«ሥራውን ይዤ ከቀረሁ፣ ለምን ብዬ እንደነገርኳት እኔ ራሴም አላውቅም።»

«ሳብሪያ፣ ይኼን ዕድል ሁለተኛ አታገኚውም እኮ!»

«አውቃለሁ ዶክተር።» ድምፅዋ ሲሰበር ሰማችው። «አውቃለሁ። ኋላ ሐሳቤን እንዳልቀይር አሁኑኑ ይሰርዙልኝ።»

አካለ ወልድ እስክሪብቶውን አወጣ። እስኪሰርዘው ቆማ ጠበቀች።

ማናለሽ ከአዳራሹ ጀርባ ጥላ ስር ብቻዋን ቆማ ንግግሯን ታነበንባለች። ለዛሬ ብላ የሀገር ልብስ ለብሳለች፤ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ተንሸራትቷል። ሳብሪያ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አታውቅም። ሽማግሌም፣ ደግፎ የሚይዝ ሰውም፣ ቃሉም የላትም። ጎረቤት ለቅሶ ቤት ስትሄድ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላት። ነጠላውን ከማናለሽ ትከሻ አንስታ አዘቀዘቀችው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አለበሰቻት።

ማናለሽ መጀመሪያ ሳቀች። «ምን እያደረግሽ ነው? ገለበጥሽው እኮ!»

ከዚያ የሳብሪያን ፊት አየች። ዓይኗ ወደ ጥለቱ ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ሳብሪያ መጣ። በሩ ላይ ሚኒባሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

«አባዬ?»

«አዎ።»

ሳብሪያ ማናለሽን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘቻት። ጩኸቱ ከመውጣቱ በፊት ግን ማናለሽ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ተቀበረ?»

«አልተቀበሩም» አለች ሳብሪያ። «አሁን ከተነሳን እንደርሳለን።»