ያስቀረጸችው ሥራ

የሺሃረግ ለክሊኒኮች የታካሚ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ አነስተኛ የአሰላ ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ፍተሻ ነበር። ሶፍትዌሩ በተሻሻለ ቁጥር ወንበሯን ስባ ትቀመጥና የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒት ቤቱን ገጽ አንድ በአንድ ትከፍታለች። ስም ታጣምማለች፣ ዕድሜ ታዛባለች፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ደጋግማ ትጫናለች፤ የተቻኮለች ነርስ የምትሳሳተውን ሁሉ ሆን ብላ ትሳሳታለች። እሷ ሳታየው ከቢሮ የወጣ ነገር አልነበረም።

ይስሃቅን ወደ ድርጅቱ ያስገባችው እሷ ናት። ጎበዝ ፕሮግራመር ነው፣ የኢተያ ልጅ። ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ ሰው አጥቶ ሲንከራተት ፈረመችለት። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን ለየብቻ በልተው አያውቁም።

ጥቅምት ላይ ይስሃቅ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነላት።

«አንቺ እንደ ወትሮሽ ሥሪ» አላት። «የነካሽውን ሁሉ እየቀረጸ ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ በራሱ ይደግመዋል። ከዚህ አድካሚ ሥራ ተገላገልሽ ማለት ነው።»

«እኔስ ምን ልሠራ?»

«ከእኔ ጋር ዲዛይን ትሠሪያለሻ! ለአቶ ፍሰሐ ነግሬያቸዋለሁ።»

ደስ አላት። ሁለት ወር ሙሉ ያላትን ብልሃት ሳትሰስት አስቀረጸች። አንድ ቀን ብቻ ነገሩ ከነከናት።

«ይሄ እጄን ነው የሚቀርጸው። ዓይኔንስ? እኔ እኮ ተጭኜ አላልፍም፤ የመጣውን አያለሁ።»

«እሱን እኔ እጨምርበታለሁ፣ አታስቢ» አላት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍሰሐ አስጠሯት።

«ቀረጻው ስላለቀ የአንቺ መደብ ይታጠፋል» አሏት ቀና ብለው ሳያዩዋት። «መቼም አውቀሽ የገባሽበት ነው። ይስሃቅ ተነጋግረናል ብሎኛል።»

ይስሃቅ ስለ ቀረጻው ጽፎ የሰጣቸውን ጥናት አዙረው አሳዩዋት። «ቀረጻው ሲጠናቀቅ ፈታሽ አያስፈልግም» ይላል። ከታች የይስሃቅ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን ቀኑ፦ ነሐሴ አሥራ ሁለት። ዲዛይን ትሠሪያለሽ ካላት ሁለት ወር ቀደም ብሎ የተጻፈ ነበር።

በቀጥታ ወደ ይስሃቅ ጠረጴዛ ሄደች።

«ነሐሴ ላይ ነው የጻፍከው?»

ይስሃቅ ፊቱ ተለዋወጠ። «የሺ፣ ሰው ሊቀንሱ ነበር። ወይ አንቺ ወይ እኔ...»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታስቀርጪልኝ ነበር?»

ከሁሉ የከፋባት ይኼ ነው፤ ደንግጦ ወይ ተሳስቶ አልነበረም፣ አስቦበት ነው። በየቀኑ ከአንድ ሳህን እያጎረሳት አስቦበት ነው። ቦርሳዋን አንስታ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

መጋቢት ላይ ናኢማ ደወለችላት። ናኢማ ሶፍትዌሩን በሚጠቀም አንድ የሳጉሬ ክሊኒክ ነርስ ናት።

«የሺ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተመዘገበ ሰው መጥቶ ኮምፒውተሩ ቀዩን ማስጠንቀቂያ ሳያወጣ ቀረ። ሰውዬው ራሱ ባይናገር ኖሮ ልወጋው ነበር!»

የሺሃረግ ወዲያው ገባት፤ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል የተበላሸ ነገር ሳይታይ አልፏል። ቀረጻው ቁልፉን ይጫናል እንጂ ማስጠንቀቂያው መውጣት አለመውጣቱን አያይም። ይስሃቅ እጨምርበታለሁ ያለውን አልጨመረም።

«እስኪስተካከል በወረቀት ሥሩ» አለቻትና ለአቶ ፍሰሐ ደውላ ስህተቱን ነገረቻቸው።

አቶ ፍሰሐ ሰምተው ሲጨርሱ «ተመለሽልን» አሏት። «ከይስሃቅ ጋር ሆናችሁ...»

«የነገርኩዎት፣ ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በሚያዝያ የሳጉሬው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ቀጠራት። ሰዉ ደግ ነው፤ ሥራውም አይከፋም። በሁለተኛው ሳምንት አጠገቧ የሚቀመጠው ኢብሳ የጠፋ ካርድ ከኮምፒውተሩ ላይ በደቂቃ ፈልጋ ስታወጣ አይቶ ተገረመ።

«እንዴት እንዳደረግሽው እስቲ አሳዪኝ» አላት፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ።

ክፋት የሌለበት ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። እጇን ግን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«ነገ» አለችው።

በማግስቱም አላሳየችውም።