የመሰናበቻ ሰንጢ

የአክስቴ ምላስ በሥራ ቀን የራሱን ቀለም ይዞ አያውቅም። ሰኞ አረንጓዴ ነው፣ ረቡዕ የጡብ ቀለም፣ ዓርብ ደግሞ ስም ያልወጣለት ነገር። ልጅ ሆኜ ስትቆጣኝ አፏን ሳይ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ደህና አድርጎ የቀጣኝ ሳይኖር አደግኩ።

ሥራዋ ማጣመድ ነው። እሷና እኔ በተቀጠርንበት ፋብሪካ የሚሠራው የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ ነው። ስለቱን ብሎ የሚገዛን የለም፤ ሰው የሚገዛው እጀታውን ነው። እጀታው ከበሬ ቅልጥም ተሰንጥቆ፣ ተሞርዶ፣ ቀለም ውስጥ ተቀቅሎ የሚወጣ ሁለት ቁራጭ አጥንት ነው፤ አንዱ በስለቱ ቀኝ፣ አንዱ በግራ ይለጠፋል። እኛ ጉንጭ እንላቸዋለን። ችግሩ፣ ከአንድ በርሜል፣ ከአንድ ዱቄት፣ ከአንድ እሳት የወጡ ሁለት ጉንጮች፣ አንዱ እንደ ሎሚ ልጣጭ ገርጥቶ፣ ሌላው እንደ ከሰል ጠቁሮ መገኘታቸው ነው። ያረጀ በሬ አጥንቱ ድፍን ነው፣ ቀለም አያስገባም። የወይፈን አጥንት ደግሞ እንደ ሰካራም ያገኘውን ይጠጣል። ነካሪያችን ጋሼ ስለዚህ ነገር በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እኔ ለሁሉም እኩል እሰጣለሁ። መቀበል የአጥንቱ ፋንታ ነው።»

አክስቴ የምትቀመጠው ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት ሥር ነው። ፊቷ ባለው ትሪ ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ ጉንጭ ተበትኗል። አንዱን ታነሳለች፣ ትልሰዋለች፣ ወደ ብርሃኑ ታዞረዋለች። ደረቅ አጥንት ይዋሻል፤ ተወልውሎ ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ የሚያሳየው ሲረጥብ ብቻ ነው። ከዚያ አቻውን ፍለጋ ትሪው ላይ ጣቷ ይዞራል። ሰማዩ ከደመነ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። «መብራት አብሪ» ሲሏት «አምፖል ከሰው ይብሳል፣ ሁሉን ያመሳስላል» ትላለች።

በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጉንጭ እንዳጋባች እሷም አታውቀውም። ራሷ አላገባችም። አቻ ያጡት ጉንጮች የሚጣሉበት ሳጥን «ቆሞ ቀር» ይባላል። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሳይቀድማት።

የመሰናበቻ ሰንጢ የሚባለው ነገር የመጣው ከስስት ነው። የድሮው ባለቤት ጡረታ ለሚወጣ ሠራተኛ ደህና ሰንጢ መስጠት አንጀታቸው እምቢ ቢላቸው፣ «ከቆሞ ቀሩ ሳጥን ሠርታችሁ ስጡት» አሉ። ሠራተኛው ውርደቱን ቀልድ አደረገው። ከሳጥኑ እጅግ የገረጣው ጉንጭና እጅግ የጠቆረው ተመርጠው በአንድ ሰንጢ ላይ ይለጠፋሉ፤ የገረጣው «ስትገባ የነበረህ ፊት» ነው፣ የጠቆረው «ስትወጣ ያለህ ፊት»። የምትመርጠው አክስቴ ናት። ተሰናባቹ ይቀበላል፣ ይስቃል፣ ቤቱ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራት ሳይሆን ጥፋቱን ለማስረዳት ነው። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝም፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝም አክስቴ ናት። ተመርቄ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተደግፌ ስውል፣ እዚያው ለምና አስቀጠረችኝ። በየሰንጢው ሳጥን ውስጥ የምትገባውን ወረቀት እጽፋለሁ። ጋሼ ያረረባቸውን «ያረጀ ማር» እላለሁ፤ ያልበሰለላቸውን «የጭጋግ ቅጠል»። አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ብርቅ ሰንጢ እየገዛ የሚያከማች ሰብሳቢ መጣ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ ማጉያ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። የኛን ቤት ቀለም ሁሉ በየዓመቱ መዝግቦ ይዟል። «የማላውቀው የቀረ አለ?» አለኝ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ የዕቃ ቤት ቁልፍ የት እንዳለ ካልሆነ በቀር ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ስለ ሁለቱ ፊቶች ነገርኩት፤ ከራሴም ጥቂት ጨማመርኩበት። ሰውየው ጓንቱን አወለቀና ማስታወሻ ያዘ። ራስ ሲመለጥና ነገር ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ በዚያ ዓመት ሁለቱም ደረሱብኝ።

ወር ሳይሞላ ሰብሳቢዎች የጡረተኞቻችንን በር ያንኳኩ ጀመር። የድሮው ጥበቃ መሳቢያ ተበረበረ፤ የሟች ሞራጅ ሚስት ድንች ትልጥበት የነበረውን በውድ ዋጋ ሸጠች። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሰማ። የድሮው ባለቤት ልጅ ነው፤ ከምሳ በፊት ብቻ ሦስት ጊዜ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ስለሚል በሌለበት «ቤተሰቤ» እንለዋለን። ሁለት የማይመሳሰል ጉንጭ ለጥፎ መሸጥ አሰበ። ሰብሳቢው ተቆጣ። የመሰናበቻ ሰንጢ ማለት ለእውነተኛ ሠራተኛ፣ በእውነተኛ ስንብት፣ በደብዳቤና በፎቶ የተሰጠ ነው። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ሰንጢ። ሌላው ፎርጅድ ነው።

ቤተሰቤ ሐቀኛ ሰው ነው። የውሸት ስንብት አላደረገም። እውነተኛ ስንብት ጀመረ።

መጀመሪያ ጋሼን አሰናበተ፤ ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው። ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሰንጢው ተሰጠ። በር ላይ ቤተሰቤ ብር ያለበት ፖስታ አስጨበጣቸውና ሰንጢውን «ለመታሰቢያ እኛ ጋ ይቀመጥ» ብሎ መልሶ ወሰደው። ጋሼ ከመስጠታቸው በፊት ገለበጥ አድርገው አዩት።

«ጥቁሩስ ልክ ነው» አሏት አክስቴን። «ይሄን የገረጣውን ግን ከየት አመጣሽው? እኔ እዚህ ስገባም ጠቁሬ ነው የገባሁት።»

ሁሉም ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። ከጋሼ ቀጥሎ ሞራጁ ሄደ፤ ከሞራጁ ቀጥሎ ስለት የሚስለው። ማታ ማታ እራት ላይ አክስቴ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ሆነ። ለሙሉ ጡረታ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ይቀራታል። ሙሉው የምንኖርባቸውን ሁለት ክፍሎች ኪራይ ይችላል፤ ቀድማ ከወጣች የሚሰጣት ግማሽ ነው።

«ግማሽ ጡረታ ግማሽ ቤት ነው» ትላለች። «እግሬ ነው ውጭ የሚያድረው ወይስ አንተ?»

«አንቺን አይነኩሽም» እላለሁ። «አንቺ ከሌለሽ ማን ያጣምዳል?»

በየማታው ይህን ስል ለራሴም እውነት እየመሰለኝ መጣ።

አንድ ረፋድ ላይ ቤተሰቤ ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚያ በፊት ሰጥቶኝ አያውቅም። «የስንብት ደብዳቤ አዘጋጅልኝ፣ ወንድሜ። ስሙን ባዶ ተወው። የአገልግሎት ዘመኑን ሃያ ሰባት ዓመት በል።»

ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እዚያ ቤት አንድ ብቻ ነው።

«ጉንጮቹንስ ማን...» አልኩ።

«ማጣመድ ቀርቷል እኮ! ዘንድሮ ገበያው የሚፈልገው ልዩነት ነው። የተመሳሰለ ነገርማ ፕላስቲክም ይሠራዋል።» ትከሻዬን ያዘ። «እኔም ከብዶኛል። ግን ቤተሰብ ማለት ይኼ ነው፣ አንዱ ለሌላው ይከፍላል።»

ያ አንዱ ለምን አንድ ቀን እንኳን አንተ አትሆንም ልለው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሐሳብን በግልጽ ስለመግለጽ ተምሬያለሁ። አፌን ከፍቼ፣ «በአንድ ገጽ ይሁን በሁለት?» አልኩት።

የሰንጢውን ትእዛዝ ለአክስቴ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ብጣሿን ወረቀት ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበች።

«ለማን ነው?»

«ስም አልተጻፈም።»

«እሱንማ አየሁ። እጁ ትልቅ ነው ትንሽ?» የጉንጩን ውፍረት የምትመርጠው በተቀባዩ እጅ ልክ ነው።

ወረቀቷን የያዘውን እጇን አየሁት። ጥፍሮቿ ዙሪያ የማይለቅ አረንጓዴ አለ።

«ትንሽ» አልኩ።

«ትንሽ።» ወረቀቷን አጣጥፋ ከትሪው ሥር አስገባች። «በቃ፣ ሂድ። ብርሃኔን ጋረድክብኝ።»

ለሌሎቹ ስትመርጥ ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም፤ ቆሞ ቀሩ ሳጥን ውስጥ እጇን ሰድዳ የገረጣና የጠቆረ ይዛ ትወጣለች። የዚህኛው ግን አራት ቀን ፈጀ። ሳጥኑን ከነአካቴው አልከፈተችውም። ከበርሜል የወጣ ትኩስ ትሪ ታስመጣለች፣ ትልሳለች፣ ታያለች፣ መልሳ ሌላ ታስመጣለች። ጊዜ እየገዛች መሰለኝና ልቤ ጥቂት አረፈ። በአራተኛው ቀን ሁለት ጉንጭ በጨርቅ ጠቅልላ ለገጣጣሚው ሰጠችው። ገጣጣሚው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ገጥሞ በሳጥን አሸገው።

ስንብቱ በማሸጊያው ክፍል ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጠሙ፣ ኬክ መጣ፣ ፎቶ አንሺ መጣ፣ ሰብሳቢውም ጓንቱን አጥልቆ ከፊት ተቀመጠ። ቤተሰቤ ደብዳቤውን አነበበ። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቆንጆ ደብዳቤ ነው፤ ሁለት ሴቶች አለቀሱ። አክስቴ ፈርማ ተቀበለች፤ ሳጥኑን ከፈተች፤ ሰንጢውን ከፍ አደረገችው፤ ካሜራው ብልጭ አለ።

«ይፈቀድልኛል?» አለ ሰብሳቢው ብድግ ብሎ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ አንዱን ጉንጭ አየ። ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው። ወደ መስኮቱ ሄዶ እንደገና ገለበጠው።

«ቀኙ የትኛው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አላውቅም» አለች አክስቴ።

ሰውየው ለአፍታ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና በባዶ ዓይኑ አየው። «በዕድሜዬ እንዲህ የገጠመ አላየሁም» አለ ቀስ ብሎ። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገና መልሶ ሰጣት። «ይሁን እንጂ ተራ ምርት ነው። ስብስብ ውስጥ አይገባም።»

ቤተሰቤ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ሳጥኑ ተለዋውጦብዎት ነው። ግድ የለም፣ አሁኑኑ ሌላ እናስገጥማለን።»

«አልተለዋወጠም።»

«ሁለተኛ የለም» አለ ሰብሳቢው። «ተሰጥቷል፣ ፎቶ ተነስቷል። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ሰንጢ።»

ቤተሰቤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። «ምን ማድረግዎ ነው? ይሄኮ ፖስታ የለውም። አይገባዎትም?»

«ይገባኛል፣ የኔ ልጅ» አለችው።

«ታዲያ ለምን...»

«ምን ታንሾካሹካላችሁ፣ ቤተሰብ አይደለን እንዴ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሳቅ ተነሳ፤ ቤተሰቤ ዞር ሲል ጠፋ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ኬኩን በላነው። ኬኩ ምን አደረገ።

ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለቀቅን። በቀጣዩ ወር አንድ ሰኞ ለምሳ ቤት ሄድኩ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና ድስቶቹ በአንድ ክፍል ሲታጨቁ፣ መቀመጫ የሚሆነው የአልጋው ጠርዝ ብቻ ነው። አክስቴ ሰኞን በቀትር ቤት ውስጥ አይታ ስለማታውቅ የሌላ ሰው ቤት የመጣች ትመስል ነበር፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነበር። ዳቦውን በዚያ ሰንጢ ትቆርሳለች።

«ምናለ የጠቆረና የገረጣ ብትመርጪ?» አልኩ። ወር ሙሉ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ነው። «ፖስታውን ትቀበይ ነበር። ክፍሉን አንለቅም ነበር።»

«ደህና ደህናው ሁሉ በዚያ በር ወጣ» አለች። «ሃያ ሰባት ዓመት እኔ አጣምጄ፣ ሰው ኪሱ ከትቶ ሄደ። አንድ ለራሴ ብይዝ በዛ?»

«አልበዛም።»

«በዝቷል እንጂ። አንድ ክፍል ቤት ያህላል።» የቆረሰችውን ዳቦ ወደ እኔ ገፋች።

አላነሳሁትም። «አክስቴ፣ ለሰብሳቢው ያን ወሬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ። አምና መስኮቴ ድረስ መጥቶ፣ ‹የእህትዎ ልጅ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ስለ እናንተ እንዲህ እንዲህ ብሎ ነገረኝ› አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ።»

«ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? አጥንት ከተነከረ ወዲያ አይታጠብ።» ሰንጢውን በአውራ ጣቷ ጠርጋ አጠፈችው። «ደግሞ እውነቱን ከፈለግህ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ያህል ተምረህ አንድ ሰው እንኳን ቁጭ ብሎ ሲሰማህ።»

ዳቦውን አነሳሁ። አክስቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«ብላና ሂድ። እንዳይረፍድብህ።»

ቤተሰቤ ለዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ያዘዘኝ አንድ ሥራ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሠራተኞች ስም ዝርዝር። አምስት ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ።