«መጣን በያት»

ባሕር ከሌለው አገር ተወልዶ ባሕር የሌለው የአሜሪካ ስቴት የገባ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል? ምንትዋብ ባሏን ለገሠን ይህን ያልጠየቀችበት ቅዳሜ የለም። እሱም መልስ አጥቶ አያውቅም። «ሐይቅ አለ አይደል እንዴ? ሐይቅም ዳርቻ አለው!» ይላታል። ሳምንቱን ሙሉ አስራ አምስት ቁጥር አውቶብስ ይዞ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሲመላለስ የሚውል ሰው ነው፤ ቅዳሜ ሲመጣ መብራትና ፌርማታ የሌለው መንገድ ቢያምረው አይፈረድበትም። ግን ያማረው ሰው ፓርክ ሄዶ ይንሸራሸራል እንጂ ዋና የማትችል ሚስቱን ሳምንት እየጠበቀ ውኃ ላይ ያወጣል? እሱ እቴ! ጀልባዋን ከገዛ ወዲህ ሰው ሁሉ ዓሣ ይመስለዋል።

ምንትዋብ እንዲያው ፈሪ ሆና አይደለም። አውሮራ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷን እጥፍ የሚመዝን ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታገላብጥ የኖረች፣ ሞትንም ደጋግማ ያየች ሴት ናት። ውኃ ግን ያስፈራታል። ከበታቿ ምን እንዳለ አይታያትም፣ በቃ። ለዚህም ከጀልባዋ ከገባች እስክትወጣ መንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ በሁለት እጇ መቀመጫውን ጨብጣ ነው የምትሄደው።

ሐይቁ ላይ ብቻቸውን አይወጡም፤ አብራቸው የምትወጣ ሁለተኛ ጀልባ አለች፣ የኪሩቤል ናት። ኪሩቤል የለገሠ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው፤ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ይኖራል፣ ሰፈሩ ደጅ ላይ ጀልባ ማቆም ስለማይፈቅድ የሁለቱም ጀልባ የሚያድረው እነ ለገሠ ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ጎትተው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ይወስዷቸዋል። ከዚያ ተከታትለው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ቆመው ምሳ ይበላሉ፣ ይተራረባሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ በሐምሌ ከምሳ በኋላ ውኃ ላይ መቆየት የለም። በምዕራብ ካሉት ተራሮች ወዲህ የሚመጣው ደመና ቀልድ አያውቅም።

ያን ቅዳሜ ሕጉን የጣሰው ራሱ ለገሠ ነው። ምሳ እንዳለቀ ኪሩቤል ወደ ምዕራብ አየና «ተነሱ፣ ተነሱ! እመብርሃንን፣ ይሄ ሰማይ አላማረኝም» አለ። የእነ ለገሠ ልጅ ኤቢ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አንድ ለእናቷ። የኪሩቤል ጀልባ ፈጣን ስለሆነች በእሷ ሄደች። ለገሠ ግን ዕቃ ሲያስር፣ መልህቅ ሲስብ፣ «ቀስ ብለን እንደርሳለን፣ ማን አባሮን ነው» ሲል ቆየ። ኪሩቤልና ኤቢ የሐይቁን ጥግ ዞረው ከዓይን ጠፉ።

እነ ለገሠ ሞተር አስነስተው ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄዱ ጀልባዋ ግው አለችና ቆመች። ለገሠ በችኮላ አጥፎ ሳያነሳው የቀረው የመልህቁ ገመድ ተንሸራቶ ውኃ ገብቶ፣ ውኃውን የሚቀዝፈው የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች ምንትዋብ።

«ምንም። ገመድ ነው። አንድ ደቂቃ።»

ለገሠ «አንድ ደቂቃ» ካለ ነገሩ እንደማያምር ታውቃለች። ሰማዩን አየች። ተራሮቹ የሉም። የነበሩበት ቦታ ጥቁር ሆኗል። ማዶ ዳርቻው ላይ አቧራ ተነሥቶ ወደ እነሱ ሲመጣ አየች። ነፋሱ ሲደርስ መጀመሪያ ብርድ ነበር፣ ከዚያ ውኃው ተነሣ። ያ ሲተኛ የዋለ ሐይቅ ባንዴ ጀልባዋን ከወዲያ ወዲህ ያላጋት ጀመር። ጀልባዋም ፊቷን አዙራ ሐይቁን ወደያዘው ግድብ መገፋት ያዘች። የግድቡ ግርጌ ደግሞ አሸዋ የለውም። ፍሪጅ ፍሪጅ የሚያህል ድንጋይ የተደረደረበት ነው።

ለገሠ የዳቦውን ቢላዋ ይዞ በሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይገዘግዛል። ላይፍ ጃኬቱን አውልቆ ወርውሮታል።

«ልበሰው እንጂ! ኧረ በጌታ፣ ለገሠ!»

«ሆዴን አፈነኝ፣ ጎንበስ ልል አልቻልኩም። ቆይ፣ ጨረስኩ እኮ፣ ሁለት ክር ነው የቀረው!»

ይኼኔ ስልኳ ጮኸ። ኤቢ ናት።

«ማሚ! የት ናችሁ? ሬንጀሮቹ ጀልባ እየቆጠሩ ነው። ኤቭሪባዲ ኢዝ ባክ። ይፈልጓችሁ ወይ ብለው ነው።»

«መጣን በያት!» አለ ለገሠ ቀና ሳይል። «ልጅቷን አታስደንግጫት። ይኸው ጨረስኩ፣ መጣን በያት!»

ምንትዋብ ሬንጀሮቹ፣ የሐይቁ ጠባቂዎች፣ ይምጡ ማለት ፈልጋ ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የልጅቷ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ባሏ ሁለት ክር ብቻ ነው የቀረኝ ይላል፣ እሷም እናት ናት። «መጣን የኔ እናት፣ መጣን! አትጨነቂ!» አለችና ነፋሱ ቀሪውን ወሰደው። ስልኩ ተቋረጠ።

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ገና ጫማውን ከአልጋ ሥር እየፈለገ «መጣሁ» ይላል። ከቤት ሲወጣም «መጣሁ» ብሎ ነው የሚወጣው። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ደረሰ ብሎ በር አይከፍትም። ኤቢ ግን ያደገችው አውሮራ ነው። አማርኛዋ የእናቷና የአባቷ የሳሎን አማርኛ ነው፤ ለእሷ «መጣን» ማለት መጡ ማለት ነው፣ አለቀ። ሐይቁ ሁለት የጀልባ መውጫ አለው፤ በሌላኛው ወጥተው ይሆናል ብላ አሰበች። በረጅሙ ተነፈሰችና ብርቱካናማ ጃኬት ለለበሰው ሠራተኛ «ዴይ ኬም ባክ» አለችው። ሠራተኛው የጀመረውን ቆጠራ ጨርሶ፣ ሊፈልጓቸው ለወጡት ሬንጀሮች በሬዲዮው ነገራቸው። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም።

ምንትዋብ ስልኩን ገና ከጆሮዋ ሳታወርድ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን መታት። ለገሠ «ኧረ!» ሲል ሰማችው። ዞር ስትል የለም።

ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች እሷም አታውቅም። ወዲያው ሁለት እጆች የጀልባዋን ጠርዝ ሲይዙ አየችና በደረቷ ተወርውራ የእጁን አንጓ አፈፍ አደረገች። ለገሠ ራሱ ብቅ አለ፣ አፉ በውኃ ተሞልቷል፣ ዓይኑ ፈጧል። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ያን ዓይን አይታ አታውቅም።

«ያዝ! እንዳትለቅ! በኢየሱስ ስም፣ እንዳትለቅ!»

መቶ ኪሎ ነው ለገሠ። ሥራ ላይ እንደምታደርገው ጉልበቷን አጠፈች፣ ክርኗን ከጎኗ አጣበቀች፣ «በሦስት ነው፣ አንተም ግፋ፣ አንድ፣ ሁለት...» ብላ ሳበችው። እስከ ደረቱ ወጣና ጀልባዋ ወደ እሱ ስታዘነብል ውኃ ግልብጥ ብሎ ገባ። መልሳ ለቀቀችው። እንደገና ብትስበው ሁለቱም መገልበጣቸው ነው።

ቀና ስትል ድንጋዮቹ ቀርበዋል። ለገሠ ያለው ደግሞ በድንጋዮቹ በኩል ነው። ጀልባዋ ስትደርስ መጀመሪያ የምታገኘው እሱን ነው፤ ከድንጋዩ ጋር ትጨፈልቀዋለች። ምንትዋብ ይህ ሲገባት ጮኸችበት።

«ዙር! በሞተሩ በኩል ወደዚያ ዙር! እኔ ይዤሃለሁ!»

እጅ በእጅ እየተካ መዞር ጀመረ። እሷም ሸሚዙን አንገቱ ሥር ጨምድዳ፣ በጉልበቷ እየዳኸች አብራው ዞረች። በየማዕበሉ ራሱ ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ያስላል። «ምንቴ... ምንቴ...» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

በዚህ መሐል ነው ያየቻት። የሬንጀሮቹ ጀልባ፣ ሰማያዊ መብራቷ እየተሽከረከረ፣ ከጥጉ ብቅ አለች። «ተመስገን! ጌታዬ ተመስገን! መጡልህ፣ ለገሠ፣ መጡልህ!» አንድ እጇን አላቃ አውለበለበች። በዝናቡ ውስጥ ያዩዋት አያዩዋት አታውቅም። ጀልባዋ ትንሽ ወደ እነሱ መጣች። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረችና በመጣችበት ተመለሰች።

ምንትዋብ «ተመለሱ!» ብላ ጮኸች። ይህ አልገባትም። ሰው እየሰመጠ ጥለው ይሄዳሉ? ምን አድርገናቸው ነው? ሰማያዊው መብራት ከጥጉ ወዲያ ሲጠፋ እያየች፣ ከዚህ በፊት የማታውቀው ፍርሃት ወረዳት። እስካሁን ውኃውን ነበር የፈራችው። አሁን ብቻዋን መሆኗን ፈራች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጀልባዋ ወለል ላይ፣ በገባው ውኃ ውስጥ ተጋድሞ ያበራል። ለማንሳት አንድ እጇን መልቀቅ አለባት። ለገሠ አሁን ራሱን ችሎ አልያዘም፤ ጣቶቹ ሰማያዊ ሆነው ተከፍተዋል፣ የያዘው የእሷ ጭብጥ ብቻ ነው። ወደ ስልኩ አየች፣ ወደ እሱ አየች። ከዚያ ሸሚዙን በግራዋ ብቻ ይዛ፣ ተንጠራርታ በቀኟ ጣት ስልኩን ነክታ ስፒከሩን ከፈተችው። ለገሠ እስከ ግንባሩ ጠለቀ።

«ማሚ? የትኛው መውጫ ጋ ናችሁ? ሁለቱም ጋ የላችሁም። መጣን አላልሽኝም?»

አሁን ገባት። የሬንጀሮቹ ጀልባ ለምን እንደዞረች፣ ማን እንዳዞራት፣ በምን ቃል እንዳዞራት፣ ሁሉም ባንዴ ገባት።

«አልመጣንም!» ብላ ጮኸች። «ኖ ካም! ኤቢ፣ ዊ ኖ ካም! ግድቡ ጋ! ዳዲ ውኃ ውስጥ ነው! ዳዲ ውኃ ውስጥ ነው!»

ከስልኩ የመጣውን የልጇን ጩኸት ዛሬም ድረስ ትሰማዋለች። ስልኩ ጠፋ። በሁለት እጇ ለገሠን መልሳ ይዛ ራሱን ከውኃ አወጣችው።

«ለገሠ! አናግረኝ! ለገሠ!»

አላናገራትም። አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ጋር ስትላተም ጥርሷ ተጋጨ፤ ሁለተኛው ምት የጀልባዋን ጎን ቀደደው። እሱ በወዲያኛው በኩል ስለሆነ አልተጨፈለቀም፤ ግን አልነቃም። ፊቱን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ አፉ ከውኃ በላይ እንዲሆን ብቻ እየታገለች፣ የምታውቀውን የጸሎት ቃል ሁሉ ጨርሳ «እባክህ» ማለት ብቻ ቀራት። «እባክህ፣ እባክህ» ለጌታ ይሁን ለባሏ አትለይም። ሰማያዊው መብራት ተመልሶ መጥቶ የሰው እጆች ለገሠን ከጭብጧ ሲወስዱባት ጣቶቿ እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ነው ያላቀቋቸው።

ዳር ሲወጡ ደረቱን ሲጫኑት አየች። ሥራዋ ነውና ቆጠረች፤ መቁጠሩን ስትተው አንዱ ሰው «የልብ ምት አለ» አለ። አለ፣ ግን ዓይኑን አልገለጠም። በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወደ አምቡላንሱ ወሰዱት። ኪሩቤል ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ያለቅሳል። ኤቢ ከሰው መሐል ወጥታ ሮጣ መጣችና እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው።

አንድ ሬንጀር ወረቀት ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚናገረው። ጀልባችን ከመንገድ ለምን እንደተመለሰች መመዝገብ አለብኝ አለ። «ተመልሰዋል የሚል መልእክት ደርሶናል። ከቤተሰቡ ነው ተባልን። ማን ነበር የተናገረው?»

ምንትዋብ ልጇ ትንፋሿን ስትይዝ ተሰማት። ኤቢ አፏን ከፈተች። ሁሉንም አውቃለች፤ ገና ስልኩ ላይ ሳለች ነው ያወቀችው።

«እኔ ነኝ» አለች ምንትዋብ።

«ማሚ፣ ኖ...»

«ዝም በይ።» የልጅቷን ክንድ ጨብጣ ያዘች፤ ባሏን ይዛበት በነበረው ኃይል። «እኔ ነኝ መጣን ያልኩት። በስልክ። እኔ።»

ውሸት አይደለም። ብላለች። ለገሠ ቢነቃ ነገሩ የቤት መሳቂያ ይሆናል፣ እሱ ራሱ ለሰው ሁሉ እየጨመረ ያወራዋል። ባይነቃ ግን ይህች ልጅ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስድሳ ዓመት፣ ሰባ ዓመት ትኖራለች። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ማን ይሸከመው? ምንትዋብ ይህን ስታስብ ውኃው ላይ ከፈራችው በላይ ፈራች።

ሬንጀሩ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ስምዎ እንዴት ነው የሚጻፈው አላት።

የአምቡላንሱ በር ተዘጋ። ምንትዋብ ወደዚያ አላየችም፤ ወረቀቱን ነው ያየችው።

«ኤም» አለች። «አይ። ኤን። ቲ።»

ሰውዬው በዝናቡ አልሰማትም። እባክዎ ቀስ ይበሉ አለ።

የልጇን ክንድ ሳትለቅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች።