የሸረፈዲን ንጹህ ጤፍ

ከቡኮቶ ገበያ ጀርባ ባለው ኮረኮንች መንገድ ላይ የሸረፈዲን ሱቅ አለች። ሸረፈዲን የወሎ ሰው ነው፤ ስድሳን ተሻግሯል፤ ካምፓላ ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በርበሬም ሽሮም ይሸጣል፤ ስሙ የተነሳው ግን በጤፍ ዱቄቱ ነው። የከተማው አበሻ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ «ንጹህ ጤፍ ከፈለግህ ሸረፈዲን ጋ ሂድ» ይላል። እሱም ይህን ሲሰማ አንገቱን ሰበር አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። አንገት መስበር ሁልጊዜ ትሕትና የሚመስለን እኛ ሞኞቹ ነን። አንዳንዴ ሰው አንገቱን የሚሰብረው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ነው።

ጤፉ ንጹህ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በናይሮቢ በኩል የሚመጣው ጭነት ድንበር ላይ ተይዞ ሁለት ወር ቆየ። ሸረፈዲን ደንበኞቹን ባዶ እጃቸውን መመለስ ከበደው፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለው ወፍጮ ቤት ገብቶ ለሦስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ስንዴ ደባለቀ። ለጊዜው ነው ብሎ ነበር። ታዲያ ሴቶቹ መጥተው «ጋሼ፣ የዚህ ወር ጤፍ ደግሞ እንዴት ያለ ለስላሳ ነው» ሲሉት ዝም አለ። ጭነቱ ተለቀቀ፤ ጤፉ መጣ፤ ስንዴው ግን ከጆንያው አልወጣም። ድብልቅ መሸጥ ነውር ሆኖ አይደለም። ካምፓላ ያለው አበሻ ግማሹ ድብልቅ ነው የሚበላው፤ ድብልቅ ነው ብሎ ቢሸጥ ማንም ክፉ አይናገረውም ነበር። ነውሩ ንጹህ ነው ማለቱ ላይ ነበር።

ሱዓድ የምትባል የጅማ ልጅ ደንበኛው ናት። ባሏ ረድዋን የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆነ ሸረፈዲን እንደ ዘመድ ያየዋል። ሱዓድ ደም አነሳት። ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ መሀል ላይ የምትቀመጥ፣ የከንፈሯ ውስጥ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ የሚወጣ ሆነች። የብረት እንክብል ታዘዘላት። ወር ዋጠች፤ ሁለት ወር ዋጠች፤ ሆዷ ደረቀ፤ አፏ የሳንቲም ጣዕም ያዘ፤ ደሟ ግን ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻ አንዲት ዶክተር ጠለቅ አድርጋ መርምራ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው አለቻት። ስንዴ ወይም ገብስ በገባ ቁጥር ሰውነቷ ጠላት መጣብኝ ብሎ የገዛ አንጀቷን ይደበድባል። ብረት ወደ ደም የሚያልፈው ደግሞ በዚያው በቆሰለው አንጀት ነው። አንጀቱ ካልዳነ እንክብሉን በኪሎ ብትውጠው ገብቶ ይወጣል እንጂ ደም አይሆናትም።

ሱዓድ ይህን ሁሉ ለሸረፈዲን የነገረችው ሱቁ ውስጥ፣ ሦስት ሴቶች ተራ እየጠበቁ ነው። «ጋሼ፣ ጤፍ ብቻ ብዪ ተብያለሁ። ጤፍ ውስጥ ያ ነገር የለም። የእርስዎ ንጹህ ነው አይደል?»

ያኔ ቢናገር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ። ሦስቱ ሴቶች አዩት። ሸረፈዲን ፊቱ ጋለ። «ሀሳብ አይግባሽ ልጄ፣ ንጹህ ነው» አለ።

በልቡ ግን ለእሷ ብቻ ለብቻው አስፈጫለሁ ብሎ ማለ። እውነትም አንድ ወር አስፈጨላት። በሁለተኛው ወር ጤፉ አነሰና ከጋራው ጆንያ ሰፈረላት፤ ትንሽ ስንዴ ምን ታደርጋታለች ብሎ። ከዚያ በኋላ ለብቻ የሚባለውን ነገር እንደረሳ ሰው ሆነ። አልረሳም። እየመነመነች ስትመጣ ከፋርማሲ የብረት ሽሮፕ ገዝቶ፣ ቴምር ጨምሮ፣ በነፃ ሰጣት። «ብረቱን ጨመር አድርጊ፤ በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂው፤ ከሻይ ጋር እንዳታደርጊው» ብሎ መከራት። ምክሩ ልክ ነው፤ ዶክተሯም ይህንኑ ብላለች። ሱዓድ እያለቀሰች መረቀችው። 

በአምስተኛው ወር ረድዋን ሱቁ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ይምጡልኝ። ጋሽ ካሣዬንም ጠርቻለሁ። ሽምግልና ፈልጌ ነው።» ካሣዬ ማለት ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ አሁን ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ብዙ ቤት አስታርቀዋል። ሸረፈዲን ነገሩ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሰው የሚያውቀውን አይጠይቅም።

እሁድ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። ሱዓድ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች። ረድዋን የምርመራ ወረቀት አወጣ።

«ደሟ ሰባት ነጥብ ስምንት ነው። እዚያው ነው ያለው። ዶክተሯ ሌላም ምርመራ አድርጋ ስንዴ እየገባ ነው አለች፤ አፍ ይዋሻል ደም አይዋሽም አለች። እኔ የዓመታት ቁጠባዬን ጨርሻለሁ። እሷ ተደብቃ ትበላለች።»

«አልበላሁም» አለች ሱዓድ።

«እንቁላል በስንዴ ቻፓቲ የሚጠቀልለው ሮሌክስ ሻጭ ጋ ቆማ አግኝቻታለሁ።»

«እንቁላሉን ብቻ፣ ያለ ቻፓቲው እንዲጠብስልኝ ነው። ምጣዱ ቻፓቲ የነካው ነው ሲለኝ ትቼው ሄድኩ።»

«እናቴ ወደ ቤተሰቧ ትመለስ ብላለች» አለ ረድዋን፤ ይህን ሲል ወደ መሬት ነበር የሚያየው። «በገዛ አፏ ራሷን የምትገድል ሴት፣ ልጅ አታሳድግም ብላለች።»

ካሣዬ ሱዓድን አያት። «ልጄ፣ ሰው ነሽ። ያምራል። ዳቦ ማማር ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው ክፉ።» ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ «ሸረፈዲን፣ አንተ ጠይቃት፤ ያንተ ልጅ ናት፤ ላንተ አትዋሽም» አለ።

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይላሉ። የሸረፈዲን ዓይን ደረቅ እንኳ አልነበረም፤ እርጥብ ነበር፤ ያም ቢሆን ከመጠየቅ አላዳነውም።  መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። መሬቱ ግን የኪራይ ቤት ሲሚንቶ ነው፤ አልተሰነጠቀም።

«ሱዓድ ልጄ» አለ። «ተደብቀሽ የበላሽው ነገር አለ?»

አየችው። ባሏን አየች፤ ካሣዬን አየች፤ እንደገና እሱን አየችው። አስታራቂ ይሆነኛል ብላ የጠበቀችው እሱን እንደነበር ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ።

«አንዴ በልቻለሁ» አለች። «ሁለቴ። ዳቦ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሸረፈዲን ውሸቷን ወዲያው አወቀው። እዚያ ቤት ውስጥ ስንዴው ከየት እንደገባ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና። ረድዋን ተነፈሰ፤ ካሣዬ «ይኸው፣ ተናግሮ መገላገል» አለ። ሱዓድ ተነስታ ጎንበስ ብላ የባሏን ጉልበት ይዛ ይቅርታ ጠየቀች። ዱዓ አድርጉልን ተባለ። ሸረፈዲን እጁን ዘረጋ፤ ላላጠፋችው ጥፋት ምሕረት ለመነላት፤ ሁሉም አሚን አሉ።

በዚያ ሳምንት ሸረፈዲን ከሰው ፊት ሸሸ። ጁምዓ ላይ መስጊዱ ውስጥ ከኋላ ጫማ አጠገብ ሰገደ። ወፍጮ ቤት ሄዶ አዲስ ጤፍ ለብቻው አስፈጨ፤ ስንዴ ሲፈጭ በዋለ ወፍጮ መሆኑን እያየ አስፈጨ። ለሱዓድ በስውር ይህን እሰጣታለሁ፣ ሳትሰማ ትድናለች፣ ነገሩም ይዳፈናል ብሎ አሰበ። ዝም አይነቅዝም እያለ ራሱን አጽናና። ግን ዝምታው ነቅዞ ነበር፤ ሽታው ለሱ ብቻ ነበር የሚሸተው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ሱዓድ መጣች። ረድዋን አብሯት ነው፤ የማታ ፈረቃ ስለሆነ ቀን ቀን ገበያ ብቻዋን አይሰዳትም። በሩ ላይ ቆሞ እጇን ያያል። ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ሱዓድ ለመደገፍ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ያድርጉልኝ» አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሙዝ ማቶኬውን ትቻለሁ። ሩዙንም፣ ባቄላውንም። ከገበያ የሚመጣ ነገር አላምንም፤ የሆነ ነገር ነክቶት ይሆናል። አሁን የእርስዎን እንጀራ ብቻ ነው በቲማቲም የምበላው። ጠዋትም ማታም።»

ሸረፈዲን መስፈሪያውን አንስቶ ነበር። አዲሱ ጆንያ ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከዚያ ቢሰፍርላት ማንም አያውቅም። ጎንበስም አለ። እዚያ ጎንብሶ ሳለ አንድ ነገር በድንገት ግልጽ ሆነለት። ይቺ ልጅ ከዓለም ምግብ ሁሉ መርጣ፣ ሌላውን ሁሉ ጠርጥራ፣ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ለመዳን ብላ መርዙን ብቻ መርጣ ትበላለች። ነገ ድናም ብትነሳ ዳቦ ሰርቃ የበላች ተብላ ነው የምትኖረው።

ቀና አለ። «አልሸጥልሽም» አለ።

«አለቀ?»

«አላለቀም። ስንዴ አለበት።»

ፈገግ አለች፤ የቀለደ መስሏት። «የቱ ላይ?»

«ስትወስጂው የነበረው ላይ። የመጀመሪያው ወር ሲቀር ሁሉም ላይ።»

ከደንበኞቹ አንዷ የያዘችውን ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ረድዋን ከበሩ ገባ። «ምን አሉ?»

የሸረፈዲን ምላስ ላይ አንድ ዝግጁ ቃል ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ። ወፍጮ ቤቱ ነው ያበላሸው፣ እኔም ትናንት ነው የሰማሁት ማለት ይችል ነበር። ሰው ያምነዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኖታል። «ወፍጮ ቤት...» ብሎ ጀመረ።

ሱዓድ አቋረጠችው። «ያን እሁድ ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር?»

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት እጅ፣ ለምን አላለችም። ሸረፈዲን ጠረጴዛውን የያዙ ጣቶቿን አየ፤ ጥፍሮቿ ነጥተው ጠርዛቸው ተቀልብሷል። ወፍጮ ቤቱ ከምላሱ ወደቀ።

«አውቅ ነበር» አለ።

አላለቀሰችም። አልተሳደበችም። ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ረድዋን። 

«እናትህ ጋ ደውል።»

«ሱዓድ፣ ቤት ገብተን...»

«እዚህ ደውል።»

ረድዋን ስልኩን አወጣ። ደወለ። ሱዓድ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ሸረፈዲን ፊት አስቀመጠችው። ከኮምቦልቻ የእናትየው ድምፅ መጣ። «ረድዋኔ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ልጅቷን መለስካት እንዴ?»

 ሱዓድ ሸረፈዲንን በአገጯ አመለከተችው።

«ማነው?» አለች እናትየው።

«ሸረፈዲን ነኝ» አለ። «የሐርቡ፣ የይማም ሰይድ ልጅ።»

«ውይ፣ የይማም ልጅ» አለች፤ ድምጿ ሞቅ አለ። «አባትህን የማያውቅ ማን አለ? የልጄ ሽማግሌ አንተ ነህ አሉኝ። አላህ ይስጥልኝ፣ ያቺን ልጅ ስላናዘዝክልኝ። በደህና ነው?»

በደህና ነው ሊል አፉ ተከፈተ፤ ሰው ሁሉ የሚለው ስለሆነ። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያዩታል። ረድዋን ግድግዳውን ያያል። ሱዓድ ጠረጴዛውን እንደያዘች ትጠብቃለች።

«እማማ» አለ ሸረፈዲን። «ልጅቷ ምንም አልበላችም። ስንዴውን ያበላኋት እኔ ነኝ።»