የሰባተኛው በርሜል ሽታ

ሮስቪታ ከሰባተኛው በርሜል የቀዳችውን ወይን ለሦስተኛ ጊዜ አሸተተች። ምንም የለም። አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ ከትታ ዓይኗን ጨፈነች፤ አሁንም ምንም። የምድር ቤቱን እርጥብ ግድግዳ፣ አሮጌውን እንጨት፣ የራሷን እጅጌ ሳይቀር አሸተተች፤ አንዱም አልሸተታትም። ከጉንፋኑ ከተነሳች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሪስሊንግ የተባለው ነጭ ወይን መብላላቱ የሚቆምበት ቀን በዚህ ሳምንት መወሰን አለበት። ከዘገየች ጣፋጩ ያልቅና ወይኑ ጥርስ ያጠርሳል፤ ከቸኮለች ደግሞ ሽሮፕ ይሆናል። ጀርመን አገር፣ ሞዘል ወንዝ ዳር ባለው በዚህ ቤት ውሳኔው የቀማሹ ነው። ወይኑ ሲደርስ በርሜሉ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። ከሃያ ዓመት በፊት የባሏ አባት አሎይስ ጠመኔውን በወይን ለቃሚዎቹ ፊት እጇ ላይ አስቀምጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ምላስ እሷ ናት» ብለው ነበር። ባሏ ኖርበርት ከሞተ በኋላ በቤቱ የቀሩት እሷና ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ኮምጣጣውና ጣፋጩ ምላሷ ላይ አሉ፤ ልክም ይመስላሉ። የቀደሙትን ስድስት በርሜሎችም በጣዕም ብቻ ነው ያሳለፈቻቸው። ሰባተኛውንም አሰመረች። እንደ ቤቱ ልማድ ከተሰመረው በርሜል አንድ ማሰሮ ቀድታ ለምሳ ይዛ ወጣች።

«እግርሽ ከብዷል ዛሬ» አሉ አሎይስ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«ብርዱ ነው አባባ። ይብሉ እንጂ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።»

«በጭስ የደረቀ ትራውት ደግሞ መቼ ሞቆ ያውቃል?»

ዓሣውን ከድንች ጋር ጎረሱ፤ ከወይኑም ተጎነጩ።

«እንዴት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ኮምጣጣው የዓሣውን ቅባት ያጥባል፤ ጣፋጩ ጨውን ያለዝባል። ሽታው ግን ኮክ ኮክ ይላል ዘንድሮ፣ አይደል?»

ብርጭቆዋን አንስታ አሸተተች። «አዎ፣ ኮክ» አለች። «የበሰለ ኮክ።»

ሹካቸውን አስቀመጡ።

«የገማ እንቁላል ነው የሚሸተው፣ ልጄ።»

እንዲህ ያለ ሽታ በጊዜ ካልተያዘ ወይኑን አይለቅም። ሰባተኛው እንዲህ ከሆነ፣ ሌሎቹስ?

«ማሽተት ያቃተሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ።»

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ? ዝም ብለሽ?»

«ጠመኔውን ይቀበሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ሽታው ባይመለስስ? እዚህ ቤት ምኔ ይፈለጋል?»

«ተቀብዬሽ ምን ላደርገው? በዚህ ጉልበት ሃያ ሁለት ደረጃ ልወርድ?» ማሰሮውን ገፋ አደረጉት። «ይሄኛው ይድናል፤ ሌላ በርሜል ውስጥ ገልብጪው፣ አየር ይንካው። ስድስቱ ግን እንዴት ናቸው?»

መልካም ናቸው ልትል አፏን ከፈተች።

«አላውቅም» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህን ቃል ተናግራ አታውቅም።

ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የሰባተኛውን መስመር በእጅጌዋ አጠፋች፤ የስድስቱንም አንድ በአንድ አጠፋች። ስድስት ብርጭቆ ቀድታ በዳቦ ትሪ ደርድራ፣ ደረጃውን ወጣችና ሽማግሌው ፊት አስቀመጠችው። ጠመኔውን ከኪሷ አውጥታ ትሪው አጠገብ አኖረች፤ ወንበሯንም ጎትታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ሽታውን እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «ጣዕሙን እኔ እነግርዎታለሁ።»

አሎይስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ። ሮስቪታ ፊታቸውን ማየት ጀመረች።