የዶካ ሻለቆች

«እኔ አልሻገርም» አለ ሙኡዝ። «ውኃው እስከ ደረቴ ነው። ሰዎቼም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ጋረደው እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። በስክሪኑ ላይ የሙኡዝ ጭፍራ ጋሻና ጦሩን እንደ ያዘ በወንዝ ዳር ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ከማዶ የግዙፋኑ ሠራዊት ተሰልፏል፤ እያንዳንዱ ዝግባ የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ድንጋይ የሻከረ። ጋረደውና ጓደኞቹ ያን ወንዝ ክረምቱን ሙሉ ሊሻገሩት አልቻሉም።

«ፈቲያስ?» አለ ጋረደው።

«እኔ ከሙኡዝ ኋላ ነኝ» አለች ፈቲያ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ሊጥ በሽርጧ እየጠረገች። ከገበያው ምግብ ቤት ሥራዋን አቋርጣ የመጣች ናት። «እሱ ካልተሻገረ በቀስቴ የማንን ጀርባ እጠብቃለሁ?»

«እኔ ፈረስ ላይ ነኝ» አለ ሶፎኒያስ። «ፈረሴ ደግሞ እንደ ጌታው ዋና አይችልም።»

በግድግዳው ሥር የተኮለኮሉት ሳቁ። ጋረደው ግን ዓይኑን ከወንዙ አልነቀለም።

ክፍሉ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ባለችው በዶካ፣ ገበያው ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ባለ ወፍጮው ሱዳናዊ ሐጅ በጣራው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሎ ቀን ቀን ስልክ ያስሞላል፤ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ጨዋታ ያጫውታል። ጋረደው ክፍሉን ይጠብቃል፣ ይጠርጋል፣ በዚያው ያድራል። ከአርማጭሆ ሰሊጥ ሊያርም ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። አረሙ ሲያልቅ ልመለስ ቢል መንገዱ ከኋላው በተኩስ ተዘጋ፤ ወደ ፊት ልሂድ ቢል ካርቱም ሰው የሚሸሻት እንጂ የሚሄድባት ከተማ አልነበረችም። እኅቱ ማሚቱ ከጎንደር በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል አትምጣ ትለዋለች። በሌላው በኩል ደግሞ ና የሚለው ሰው የለውም።

ጨዋታው ከነሕጉ ያደገው በዚያ ክረምት ነው። የዶካ ጥቁር መሬት ዝናብ ከጠጣ ሎሪ አይንቀሳቀስም፤ ሎሪ ካልተንቀሳቀሰ ሥራ የለም፤ ሥራ የሌለው ሁሉ ከወፍጮው ጀርባ ይሰበሰባል። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ማውሱም አንድ ስለ ሆነ፣ ቁጭ ብሎ የሚያየው እንዳይሰለች ዘዴ አበጁ። በጨዋታው ለእያንዳንዱ ጭፍራ ስም ማውጣት ይቻላል፤ እነሱም የራሳቸውን ስም ሰጡ። ስሙን የሰጠ ሻለቃ ይባላል። ሻለቃ «ጭፍራዬ» አይልም፤ «እኔ» ይላል። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ፈርቻለሁ ይላል። ማውሱን የያዘው ንጉሥ ነው፤ ንጉሥም ሻለቆቹን ሳይጠይቅ አያዝም። ጭፍራው ያለቀበት ሻለቃ ዘመቻው እስኪፈጸም አፉን ይዘጋል። ሙት አይናገርም።

ሕጉ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀልድ ነበር። ነገር ግን ሙኡዝ «ሰዎቼ እህል አልቀመሱም» ሲል ነገሩን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም። ከሑመራ ሸሽቶ ተከዜን የተሻገረ፣ ከመጠለያ ጣቢያም ወጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነው። እሱና ጋረደው ያን ጦርነት ከየትኛው ወገን ሆነው እንዳዩት ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንሥተውት ግን አያውቁም። ጋረደው በጨዋታው ውስጥ ሙኡዝን አንድ ጊዜ እንኳ አስገድሎት አያውቅም። ለዚያ ሲል የተሸነፈው ውጊያ ብዙ ነው።

ጨዋታው ገና ሲጀመር የውጊያውን ስፋት ይጠይቃል። በትንሹ ስፋት አንድ ጭፍራ በጣት የሚቈጠር ሰው ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ጢሙ፣ ጠባሳው፣ የተቀደደ ጫማው ይታያል። በትልቁ ስፋት ያው ጭፍራ ሜዳ ይሞላል። ጋረደው ሁልጊዜ ትንሹን ይመርጣል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ትልቁን አይችልም ይላቸዋል።

በዚያ ቀን ሐሳቡ ከወንዙ ላይ አልነበረም። ጠዋት፣ ክፍሉን ሳይከፍት፣ ደላላው ተሻለ መጥቶበት ነበር። ተሻለ የመተማ ሰው ነው፤ ዐረብኛውን እንደ አማርኛው ያንበለብለዋል፤ የሰው እናት ስም አይረሳም፤ ሲሰናበት እናትህን ሰላም በልልኝ ሳይል አይለይም። መንገዱ ደርቋል አለው። ሎሪ ተገኝቷል፤ ከዐሱር ሶላት በኋላ ይነሣል፤ እስከ ገዳሪፍ በእሱ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ። ጋረደው የሚከፍለው እንደሌለው ሲነግረው ተሻለ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እነዚህ ልጆች አንተ ካልክ ይወጣሉ። እነሱን ይዘህልኝ ና፤ አንተ ጋቢና ትቀመጣለህ።»

ጋረደው እሺ አላለም። እንቢም አላለም። ወደ ክፍሉ ለገባው ሁሉ ግን መንገዱ ስለ መድረቁ ሲያወራ አረፈደ። ሎሪው ጠንካራ መሆኑን ነገራቸው፤ ሾፌሩ በረሃውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ መሆኑን ነገራቸው። ስለ ጋቢናው አልነገራቸውም። ሶፎኒያስ «ከውጊያው በኋላ ንጉሡ ይወስንልን» አለ፣ እንደ ቀልድ። እንደ ቀልድ የሰማው ግን አልነበረም።

አሁን ተሻለ በሩን ሞልቶ ቆሞ ጥቂት አየ።

«ምንድን ነው የምትጠብቁት?»

«ሙኡዝ አልሻገርም ብሏል» አለችው ፈቲያ።

«ሙኡዝ የትኛው ነው?»

«ያ ውኃው ዳር የቆመው። ይኸኛውም» ብላ አጠገቧ የተቀመጠውን በአገጯ አመለከተች።

ተሻለ ሳቀ። «ያ ዘውል፣ እናንት ሰዎች፣ ሥዕል እኮ ነው። ሥዕል ውኃ ይፈራል?»

«የአንተ ሎሪ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ፈርቶ ቆሞ የለ?» አለ ሶፎኒያስ።

ተሻለ ቀልዱን ወደደው። ሶፎኒያስን በጉልበቱ ጎሸም አድርጎ አለፈና በጋረደው ወንበር አጠገብ ቆመ። «ተነሥ እስቲ ጃንሆይ፤ ላሳያችሁ።»

ከዚያ ወንበር ላይ ጋረደው ለማንም ተነሥቶ አያውቅም። ለተሻለ ግን ተነሣ፤ ምናልባት ጋቢናው ትዝ ብሎት ይሆናል።

ተሻለ ውጊያውን አፍርሶ እንደ አዲስ ጀመረው። ስፋቱን ሲጠየቅ ትልቁን መረጠ። ኮምፒውተሩ አጓራ፣ ተንገራገጨ፣ ግን ቻለው። የሙኡዝ ጭፍራ ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው ድረስ ተንጣለለ፤ ስሙ ግን ያው አንድ ነበር፣ ከራሳቸው በላይ በነጭ ፊደል ተንሳፍፎ። ቀጥሎ ተሻለ እይታውን ወደ ሰማይ አወጣው። ፊት ጠፋ፣ ጋሻ ጠፋ፣ ሠራዊቱ በሸራ ላይ የተሰጣ ሰሊጥ መሰለ።

ማንንም አልጠየቀም። ሙኡዝን ወደ ውኃው ነዳው። ሙኡዝ ሊናገር አፉን ሲከፍት ግማሹ ወንዙ ውስጥ ነበር። ግዙፋኑ ከማዶ እየተንጋጉ ወረዱበት። ተሻለ ፈቲያንም ጨመረላቸው። ግዙፋኑ ለመግደል ሁሉም ውኃ ውስጥ በገቡ ጊዜ የሶፎኒያስን ፈረሰኞች በላይኛው መልካ አዙሮ ከጀርባቸው አመጣቸው። ሶፎኒያስ የለኮሳት ሲጋራ ሳታልቅ ውጊያው አለቀ። መለከት ተነፋ፤ ክረምቱን ሙሉ ያላዩት የድል ሰንደቅ በስክሪኑ ላይ ወጣ።

ክፍሉ ተናወጠ። የማይተዋወቁት ሁሉ ተቃቀፉ። ፈቲያ ሞታለች፤ ያም ሆኖ እልልታዋን አቀለጠችው። ሐጁ ሰው የተጣላ መስሎት ከወፍጮው በኩል ብቅ አለና እየሳቀ ተመለሰ።

«ንጉሥ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ሶፎኒያስ። ወዲያው ጋረደውን አየና «አትቀየመኝ» ብሎ ጨመረ።

ተሻለ በወንበሩ ላይ ዞሮ ጋረደውን ተመለከተው። በፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። «አንተ ታዝናለህ» አለው። «ማዘን ጥሩ ነው። ግን ያዘነ ሰው ወንዝ አያሻግርም።»

የተባለው እውነት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ማንንም ሳያስሞት ማንንም ሳያሻግር ኖሯል። እነዚህ ሰዎች ከዚህች ክፍል፣ ከዚህ ጭቃ፣ ከዚህ ጥግ ካልወጡ፣ በሕይወት አቆየኋቸው ማለቱ ምን ትርጉም አለው? አሁን የሚፈልጉትን አይተዋል። አትሂዱ ቢላቸው እንኳ ፈሪ ንጉሥ ይሉት ይሆናል። ሂዱ ማለት ደግሞ እንዴት ቀላል ነበር፤ ግማሹን ጠዋት ብሎት ነበር።

«እኔ የት ነው የሞትኩት?» አለ ሙኡዝ።

«ሙት አይናገርም» አለ ከግድግዳው ሥር አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ።

ሙኡዝ ከሚስቁት ጋር አልሳቀም። «አንድ ጊዜ አሳየኝ» አለ፤ የጠየቀው ጋረደውን ነው።

ጋረደው በተሻለ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ያዘና እይታውን ቀስ ብሎ ከሰማይ አወረደው። ሰሊጡ ሰው ሆነ። ጨዋታውን የሠሩት፣ ማንም ሆኑ ማን፣ ሙታኑን ሳይሰለቹ ሠርተዋቸዋል። አንዱ ጋሻውን ሳይለቅ ወድቋል። ሌላው አፉ ውኃው ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የወደቁት ወደ መጡበት ዳር ዞረው ነበር።

የእልልታው ሙቀት ገና ከፊታቸው ሳይጠፋ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሙኡዝ ብዙ አየ።

«ውኃው እስከ ደረቴ ነው ብዬ ነበር» አለ።

ከውጭ የሎሪው ጡሩምባ ተሰማ። ተሻለ ስልኩን አየና ተነሣ። «ኸላስ፤ ጨዋታው አልቋል። ዕቃ ያለው ዕቃውን ይያዝ፣ ከወፍጮው በር ላይ እንገናኝ። ጋረደው፣ ንገራቸው እንጂ።»

ሁሉም ወደ ጋረደው ዞሩ። ፈቲያ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለእሱ ብቻ የምትናገር ይመስል፣ «እኔ መንገዱን አላውቀውም» አለችው። «አንተ ካለህበት ግን እሄዳለሁ።»

ጋረደው ጋቢናውን አሰበ። ክንዱን በመስኮቱ ላይ ያደርጋል፤ ነፋስ ይመታዋል፤ ዶካ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ እየሆነች ትቀራለች። ቀጥሎ ክፍሉን አሰበ፤ መጥረጊያውን፣ ፍራሹን፣ የሚቀጥለውን ዝናብ። ሁለቱንም እኩል ፈራቸው።

«እኔ አልከፈልኩም» አለ።

«ከፍለሃል ማን አለ?» አለ ሶፎኒያስ። «ከየት አምጥተህ?»

«በነፃ ነው የሚወስደኝ። ጋቢና። እናንተን ካመጣሁለት። የመሳፈሪያዬ ዋጋ እናንተ ናችሁ።»

ተሻለ አልተቆጣም፤ እንዲያውም እንደ መገረም አለ። መሪ በየትም አገር እንደማይከፍል፣ ይህ የመንገዱ ወግ እንደ ሆነ፣ እሱም ራሱ በአንድ ወቅት እንዲህ እንደ ተሳፈረ በትዕግሥት አስረዳ። እያስረዳ ሳለ ጋረደው የሻለቆቹን ፊት ተራ በተራ ያይ ነበር። ስድብ ጠበቀ። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር፤ ተሰድቦ የወጣ ሰው ቢያንስ ወጥቷል።

የተናገረው ሙኡዝ ነው።

«እናውቃለን» አለ። «ጠዋት ከተሻለ ጋር ስትነጋገሩ ፈቲያ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሰምታችኋለች። ተመካከርን። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሳይከፍል መውጣት ከቻለ፣ አንተ ሁን ብለን ነው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ያው በየምክንያታችን። እኔም ልሄድ ነበር።» ሙኡዝ ወደ ስክሪኑ ጨረፍ አድርጎ አየ። «አሁንም ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ። ቃላችን ነው።»

ፈቲያ ቀና ብላ አላየችም።

የሎሪው ጡሩምባ ደግሞ ጮኸ፤ አሁን ረዘም አድርጎ። ተሻለ በሩን ከፍቶ ወደ ሾፌሩ በዐረብኛ መጣን ብሎ ተጣራ፤ ፀሐይ እስከ ወንበሩ እግር ድረስ ገባች። ከዚያ ፊቱን ወደ ጋረደው መለሰ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቀድሞ እንዲወጣ መንገድ እየለቀቀለት።

ጋረደው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲያው በእነሱ አልከፍልም» አለው።